ድንቹ እስኪበስል

የኦቦ ቃሶን ሞት የነገረኝ ከአሰላ ገብስ ጭኖ ናዝሬት የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ክሊኒኩ በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመና፣ «ሲስተር ማለት እርስዎ ነዎት? ከአሰላ መልእክት ይዤ ነበር» አለ። ነኝ አልኩት። «ኦቦ ቃሶ አረፉ። ከተቀበሩ ዛሬ አምስት ቀናቸው ነው። ልጆቻቸው ለሲስተር ሳትነግር እንዳትመለስ ብለውኝ ነው» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሻይ ቅመስ ብለውም እንቢ ብሎ ሄደ።

እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፤ ያነቃኝ የሚያር ነገር ሽታ ነው። ሮጬ ስገባ መርፌ የምቀቅልበት ድስት ውሃው አልቆ ቂጡ ቀልቷል፤ ውስጡ የነበሩት የብርጭቆ ሲሪንጆች ተሰነጣጥቀዋል። በነርስነት ዘመኔ ውሃ ጥጄ ረስቼ አላውቅም። ኦቦ ቃሶ አጠገቤ ቢሆኑ ኖሮ አይቆጡኝም። ድስቱን በጨርቅ ይዘው ያወርዱና፣ «ልጄ፣ እሳት ለቅሶ አያውቅም» ይሉኝ ነበር። ይህን ሳስብ ነው እንባዬ የመጣው።

ሰዎች ስለ አስተማሪዎቻቸው ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔም ነርስ ትምህርት ቤት ጥሩ ጥሩ አስተማሪዎች ነበሩኝ፤ ሁሉንም አከብራለሁ። ውሃ ማፍላት ያስተማሩኝ ግን ፊደል ያልቆጠሩ አንድ በቅሎ ጫኝ ናቸው። ውሃ ማፍላት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል የሚል ሰው፣ ገለማ ተራራ ላይ፣ ንፋስ መሀል፣ እርጥብ እንጨት ታቅፎ ይሞክረውና ከዚያ እንነጋገራለን።

የደሴ ልጅ ነኝ። አሰላ የተመደብኩት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ነርስ ትምህርት ቤት በጨረስኩ በሁለተኛው ወር ነው። ያኔ አሰላ ጭቃና ፈረስ የሚበዛባት፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ከጭላሎ ተራራ ወርዶ መንገዱን የሚሸፍንባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ሥራዬ ግማሹ ክሊኒክ ውስጥ፣ ግማሹ በየገጠሩ መዞር ነው። ለዙረቱ ሦስት ነገር ተሰጠኝ፦ አንዲት በቅሎ፣ በነጭ ጋዝ የሚሠራ አንድ ፕሪመስ ምድጃ፣ እና ኦቦ ቃሶ። ኦቦ ቃሶ መንገድ መሪም፣ በቅሎ ጫኝም፣ አስተርጓሚም ነበሩ። ከሦስቱ፣ በመጀመሪያው ቀን ያመንኩት ፕሪመሱን ነው። አዲስ ነበር፤ ያብረቀርቃል።

ኦቦ ቃሶ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ይመስለኛል፤ እሳቸውም በትክክል አያውቁትም። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ካፖርት ነበራቸው። በዚያ ካፖርት ላይ ራሳቸው በመርፌና ክር የሰፏቸው ኪሶች ብዛት የትም አይቼ አላውቅም። ስንት ኪስ አለዎት ብላቸው፣ «ቆጥሬው አላውቅም፤ ከቆጠርኩት አንዱ ይጎድላል» አሉኝ። አንድ ነገር ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያወጡት ቃል «ኦብሲ» ነው፤ ታገሺ ማለት ነው። ውሃ ጠማኝ ስል ኦብሲ። ዝናብ መጣ ስል ኦብሲ። የመጀመሪያው ወር ይህን ቃል ጠላሁት።

የመጀመሪያው ዙረታችን ላይ በቅሎዋ ወንዝ ስትሻገር አዳለጣትና ፕሪመሱ ካለበት ሳጥን ጋር ወደቀ። ሳጥኑን ስንከፍተው ነጭ ጋዙ ፈስሶ ጥጡንም ፋሻውንም አበላሽቶታል፤ የፕሪመሱ አንገት ተጣሟል። ወንዙ ማዶ ደግሞ መርፌ የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈው ቁመዋል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለቅሶ ሊያመልጠኝ ነው። ኦቦ ቃሶ ከካፖርታቸው ውስጥ አንድ የፍየል ቆዳ ከረጢት አወጡ።

ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልገጣጥመው እችላለሁ። ወገቡ ላይ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ አለ፤ ከታች በኩል በምስማር የተበሳሱ ቀዳዳዎችና ትንሽ በር አለው፤ ይህ ምድጃው ነው። በውስጡ ሁለት ጣሳዎች ገብተዋል፤ አንዱ የዱቄት ወተት፣ አንዱ የሳልሳ። ጣሳዎቹ ክዳንና የሽቦ እጀታ አላቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚሸከም የሽቦ መረብ ደግሞ ከላይ ይጋደማል። ሽቦው የስልክ ሽቦ ነው። ከየት አመጡት ስላቸው፣ «ስልኩ ራሱ ጣለው፤ እኔ አነሳሁት» አሉኝ። ክብሪታቸው በቀንድ ውስጥ ነው፤ አፉ በሰም ታሽጓል። ሁሉም ተሰብስቦ ክብደቱ ከአንድ እግር ጫማ አይበልጥም።

«በዚህ ነው መርፌ የምንቀቅለው?» አልኩ። ድምፄ ውስጥ ንቀት ነበረበት፤ አልክድም።

«ውሃ ቆርቆሮ አይንቅም» አሉኝና ቁጢጥ ብለው በቢላቸው ጫፍ መሬቱን መጫር ጀመሩ። ምድጃውን የሚያስቀምጡበት ትንሽ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ከዚያ ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቦይ አወጡለት። ከብብታቸው ደረቅ ጭራሮ መዘዙ። ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ ኦቦ ቃሶ ብብታቸው ውስጥ እፍኝ ጭራሮ ሳይዙ ከቤት አይወጡም ነበር። «እሳት አፍና አፍንጫ አለው» ይሉ ነበር። «አፉን ሁሉም ያጎርሰዋል። አፍንጫውን ደፍነው ግን፣ ለምን ሞተ ይላሉ።»

እሳቱ ተያያዘ። እኔ በወተቱ ጣሳ ውስጥ መርፌና ሲሪንጆቼን ደረደርኩ። እሳቸው በሳልሳው ጣሳ ውሃ ሞሉና ከአንዱ ኪሳቸው ድንች አውጥተው ጨመሩበት። እንቁላል የምታህል ድንች። የራባቸው መሰለኝ። ውሃው መፍላት ሲጀምር የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ያን ሰዓት አባቴ ስመረቅ የገዛልኝ ነው፤ ትልቁ ኩራቴ ነበር። ትምህርት ቤት የተማርነው ከፈላ በኋላ አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃው ሲሞላ ጣሳውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ፣ ኦቦ ቃሶ በጭራሮ እጄን ነካ አደረጉኝ።

«ድንቹ አልበሰለም።»

«ድንቹ የእርስዎ ምሳ ነው። የእኔ ውሃ ፈልቷል።»

«ምሳ አይደለም። ምስክር ነው» አሉ። «ሁለቱም ውሃ ከአንድ ወንዝ ነው። ሁለቱም አንድ እሳት ላይ ነው። የእኔ ድንች ሲበስል ያንቺም ውሃ ፈልቷል። ውሃ ይንጣጣል፣ ያጉረመርማል፣ ጢስ ያወጣል፤ ግን ይዋሻል። በተለይ ላይ፣ ገለማ ስትወጪ፣ ውሃ በጣም ነው የሚዋሸው። ድንች አይዋሽም።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን አልተቆጡም። ድንቹን በእሾህ ወጉት፤ እሾሁ ሲያልፍለት ብቻ፣ «አሁን» አሉ። የበሰለችውን ድንች መጀመሪያ ለተወጋው ልጅ ሰጡ። ይህ ልማዳቸው ነበር። ራሳቸው ቢርባቸው እንኳ አይተዉትም። የአርሲ ልጆች እኔን ሲያዩ ይሸሹ ነበር፤ ኦቦ ቃሶን ሲያዩ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ይመጣሉ። መርፌው የእኔ፣ ድንቹ የእሳቸው፤ ፍቅሩ ወዴት እንደሄደ ግልጽ ነው።

አንድ ጊዜ ሥራችንን ሊመረምር ከአዲስ አበባ አንድ ሹም መጣ። ክራቫት አስሮ፣ ፈረስ ላይ እንደ ጆንያ ተጭኖ። ጣሳዎቹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ይኼ ቆሻሻ ምንድን ነው? መንግሥት ፕሪመስ ሰጥቷችሁ የለም እንዴ?» አለ። ጣሉት ብሎ አዘዘ። ኦቦ ቃሶ «እሺ ጌታዬ» ብለው ከረጢቱን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ለእሳቸው መጣል ማለት ኪስ መቀየር ነው። ከሰዓት በኋላ ተራራው ወገብ ላይ ብርዱ ሹሙን አንቀጠቀጠው። የተጠገነውን ፕሪመስ አወጣን፤ ንፋሱ በአንድ ትንፋሽ አጠፋው። ለኮስነው፤ አጠፋው። ሦስተኛው ላይ ሹሙ ራሱ፣ በቀስታ፣ «ያ ቆርቆሮ ሩቅ ነው የተጣለው?» ብሎ ጠየቀ። በሳልሳው ጣሳ ሦስት ሻይ ጠጣ። ሪፖርቱ ላይ ስለ ጣሳዎቹ ምንም አልጻፈም፤ እግዜር ይስጠው።

የሻይ ነገር ከተነሳ፣ ኦቦ ቃሶ ሻይ ሲጠጡ ለሚያያቸው ዱዓ የሚያደርጉ ይመስሉ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ አስቀርቶን፣ አንድ የጥድ ዛፍ ሥር ተጠልለን ሳለን ምክንያቱን ነገሩኝ። በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ በግድ ተወስደው ነበር። አንድ ድንኳን ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ሆነው ይተኙ ነበር። ሁሉም ከወንዙ ይጠጣሉ። እሳቸው ግን ስኳር ስለሚወዱ፣ ለካምፑ ወጥ ቤት እንጨት እየፈለጡ በምትኩ ሻይ ይሰጧቸዋል፤ ጥዋት ሻይ፣ ማታ ሻይ። ከዚያ ተቅማጥ ገባ። «በሁለት ሳምንት ድንኳኑ ሰፋኝ» አሉኝ። «ሰባቱን በእጄ ቀበርኩ። እኔ ለምን ቀረሁ ብዬ ብዙ ዓመት አሰብኩ። ከእነሱ የተሻልኩ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ከሁሉም ሆዳሙ እኔ ነበርኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ያተረፈኝ ስኳሩ አይደለም፤ እሳቱ ነው። አላህ በሻይ አተረፈኝ። ስለዚህ እሳት ላይ አልቸኩልም።»

ይህን ሁሉ ነግረውኛል እንግዲህ። ሰምቼ አላውቅም ብዬ ማመካኘት አልችልም።

አብረን መሥራት በጀመርን በዓመቱ ይመስለኛል፣ ወደ ጢቾና ወደ አርሲዋ ሮቤ የሚወስደውን ረጅም ዙር ጀመርን። ገለማ ላይ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ መንደር አለ። እዚያ ኦቦ አማን የሚባል ገበሬ ቤት ሉባባ የምትባል የሰባት ዓመት ልጁ በሳምባ ምች ተይዛ ደረስን። ትንፋሿ ያቃስታል፤ ከንፈሯ መልኩን ቀይሯል። ፔኒሲሊን ያስፈልጋታል፤ አሁኑኑ። ኦቦ ቃሶ ደጅ ጉድጓዳቸውን ቆፍረው ሁለቱን ጣሳ ጣዱ። ሰማዩ ደግሞ በጢቾ በኩል ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደመን የወንዙ መሻገሪያ ይዘጋል፤ ጢቾ ላይ ደግሞ በገበያ ቀን ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀን ነው። እኔ ከልጅቱ ወደ ጣሳው፣ ከጣሳው ወደ ሰማዩ እሮጣለሁ። ውሃው ፈላ። ሰዓቴን ያዝኩ። አሥር ደቂቃ ሞላ።

«ድንቹ...» አሉ ኦቦ ቃሶ።

«ኦቦ ቃሶ! ልጅቱ እየሞተች ስለ ድንች ያወራሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው። የልጅቱ አባት ፊት። እንደ አባቴ የማያቸውን ሰው። እሳቸው በቅሎዋ ልጓሟን ፈትታ ነበርና ሊይዟት ሄዱ። እኔ ጣሳውን አነሳሁ፤ ወጋኋት። ሉባባ ጮኸች። ዝም እንድትል ብዬ እኔው ራሴ፣ ኦቦ ቃሶ እንደሚያደርጉት፣ ከሳልሳው ጣሳ ድንቹን በማንኪያ አውጥቼ፣ እፍ ብዬ አብርጄ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ለአባቷ የሰልፋ ክኒን ቆጥሬ ሰጥቼ በቅሎዬ ላይ ወጣሁ። ዝናቡ አልዘነበም፤ ደመናው ወደ ባሌ ነጎደ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከሮቤ ስንመለስ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያው መንደር ደረስን። ሳምባዋ ድኗል። የተወጋችበት ጭኗ ግን የእንሥራ አንገት አህሎ አብጧል፤ ትኩሳቷ ሲነኩት ያቃጥላል። መግል ይዟል። ከውሃው ይሁን፣ ከእጄ ይሁን፣ ከቆዳዋ ይሁን ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ፦ ኦቦ ቃሶን ስጮህባቸው። እብጠቱን ከፈትኩ፤ በዚህ ጊዜ መሣሪያው ድንቹ እስኪፈራርስ ድረስ ተቀቅሎ ነበር። መግሉ ወጣ። እንደምትድን አወቅሁ፤ እንደማላመልጥም አወቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ኮሶ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ስድስት ነበሩ። ኦቦ አማን ከጎናቸው ቆሞ እኔን ብቻ ያየኛል። ትልቁ ሽማግሌ በኦሮምኛ ጠየቁ፤ ኦቦ ቃሶ ተረጎሙልኝ፦ «መርፌው ነው ወይስ ሰው ነው? ብለው ይጠይቃሉ። መርፌው ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አገር መርፌ አይገባም። ሰው ከሆነ፣ ሰውየው ይናገር።»

በዚያ ወቅት ያ መንደር መርፌን የፈቀደ የመጀመሪያው የገለማ መንደር ነበር። እነሱ እንቢ ካሉ ሌሎቹ ሁሉ እንቢ ይላሉ። ይህን አውቃለሁ። ደግሞ ሌላም አውቃለሁ፤ «ነርሷ ናት» የሚለው ወሬ አሰላ ከደረሰ የእኔ ነገር አለቀ። ሆኖም እግዜር ረድቶኝ እውነቱን ተናገርኩ። «ሰው ነው። እኔ ነኝ። ዝናብ ፈርቼ ቸኮልኩ። ኦቦ ቃሶ ቆዪ ሲሉኝ አልሰማሁም። ውሃው በደንብ ሳይፈላ መርፌውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ በአማርኛ።

ኦቦ ቃሶ አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና መተርጎም ጀመሩ። እሳቸው የረሱት፣ እኔ ኦሮምኛ መናገር ባልችልም በአንድ ዓመት ውስጥ መስማት መቻሌን ነው። ወይም አልረሱትም። «ኢቢዳ» ሲሉ ሰማሁ፤ እሳት። «አኒ» ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ። እሳቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ድንቹ ሳይበስል ጣሳውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እሷ በእኔ አምና ነው የወጋችው አሉ። በመጨረሻም ደረታቸውን በእጃቸው መታ አድርገው፣ «በሌሳን ከን ኮቲ» አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው።

አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ቃሶ ዘወር እንኳ ሳይሉ፣ «ኦብሲ፣ ልጄ» አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። ያኔ ውስጤ እፎይ ማለቱን ልደብቅ አልችልም። ብዙ ዓመት ያሳፈረኝ ከስሕተቱ ይልቅ ያ እፎይታ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተነጋገሩ። ኦቦ አማን እኔን አየኝ፣ ኦቦ ቃሶን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ። ፍርዱ አጭር ነበር፦ ያቆሰለ ያድናል። ቃሶ ልጅቱ ቁስሏ እስኪዘጋ ድረስ እዚሁ ይቀመጥ፤ ያጥባት፤ ያስታማት። መርፌው ግን ጥፋት የለበትም።

በቅሎዬን ስጭን አጠገባቸው ሄድኩ። «ለምን?» አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

«እኔ ከእነሱ ነኝ። የእነሱን ሰው ይቀጣሉ፣ ይምራሉ። አንቺ የመጣሽው ከሩቅ ነው፤ አንቺን ሲጠሉ መርፌውን ይጠላሉ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «በቅሎ ጫኝ ይገኛል። ነርስ ግን እዚህ ድረስ ማን ይልክልናል? አሁን ሂጂ። ጨውና ጥጥ ተይልኝ። ድንች እዚህ ሞልቷል» አሉ።

ሃያ ስድስት ቀን ተቀመጡ። ኦቦ ቃሶ ሚስትና ልጆች ያሏቸው፣ የገብስ ማሳቸው ለአጨዳ የደረሰ ሰው ነበሩ። በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ በጨው አፍልተው፣ ክዳኑን ዘግተው አቀዝቅዘው፣ የሌላ ሰው ልጅ ቁስል አጠቡ። በሃያ ስድስተኛው ቀን ልወስዳቸው ስሄድ ሉባባ ከሩቅ አይታኝ እየሮጠች ወደ ቤት ገባች፤ መሮጧን ሳይ ከበቅሎዬ ወርጄ መሬት ሳምኩ። ኦቦ ቃሶ ጢማቸው አድጎ፣ አምስት ስድስት ሴቶች ከብበዋቸው ደጅ ተቀምጠዋል። እያንዳንዷ የራሷን ጣሳ ይዛ መጥታለች። ጉድጓድ እንዴት እንደሚቆፈር፣ የእሳት አፍንጫ በየት እንደሚወጣ እያሳዩአቸው ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንደር የሕፃን እትብት የሚቆረጥበት ምላጭ ከድንች ጎን ሳይቀቀል አይነካም ሲባል ሰማሁ።

አሰላ ተመልሼ ነገሩን አንድ የውጭ አገር ዶክተርን ጠየቅሁት፤ ስለ ድንቹ ብቻ እንጂ ስለ ራሴ አልነገርኩትም። «ትክክል ነው» አለኝ። ተራራ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ብዙ መቆየት አለበት። ትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር ነው። ፈተና ላይ ተጠይቄ በትክክል መልሼዋለሁ። ከፈተናው ወረቀት ወደ ገለማ ግን ይዤው አልወጣሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራራ ላይ ስወጣ የአባቴን ሰዓት ፈትቼ ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ኦቦ ቃሶ ባዶ እጄን አዩ። ከኪሳቸው ሁለት ድንች አወጡና አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ከዚያ በኋላ ምስክሩን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

አራት ዓመት አብረን ሠራን። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። እኔ ላነሳ ስሞክር፣ «በቅሎዋ ጫማዋ አልቋል» ወይም ሌላ ነገር ብለው ያልፉኝ ነበር። ወደ ናዝሬት ስዛወር አሰላ አውቶቡስ ድረስ ሸኙኝ። ለኦቦ አማን ቤተሰብ አንድ ቀን ሄጄ እውነቱን እነግራለሁ እያልኩ፣ ሃያ ዓመት አለፈ።

ሾፌሩ በመጣ በማግስቱ ለሐዘን ወጣሁ። ቤታቸው ከአሰላ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ከሴቶቹ መሀል አንዲት ደማቅ ሻሽ ያሰረች፣ ልጅ ያዘለች ወጣት ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ከገለማ በፈረስ ወርዳ ነው። አላወቅኋትም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳቅ ስትል አወቅኋት።

«ሉባባ!»

ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ጥግ ይዣት ሄድኩና ሃያ ዓመት የተሸከምኩትን አወረድኩት። «ያን ቀን ያጠፉት ኦቦ ቃሶ አይደሉም። እኔ ነኝ። እሳቸው ለእኔ ሲሉ ዋሹ። ይቅር በይኝ» አልኳት።

ሉባባ ልጇን አስተካክላ አዘለችና አየችኝ። «እናውቃለን እኮ፣ ሲስተር» አለች።

«ማን ነገራችሁ?»

«ድንቹ ጥሬ ነበር። የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ ያስታውሳሉ? ገመጥኩት፤ ቀጨጭ አለብኝ። ለአባቴ ሰጠሁት። አባቴ ኦቦ ቃሶን ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። እሳቸው ድንች ሳይበስል ጣሳ አያነሱም፤ አንስተውም አያውቁም። አባቴ ያን የተገመጠ ድንች ለሽማግሌዎቹ አሳይቷቸዋል፤ ገና እናንተ ኮሶው ሥር ሳትመጡ።»

አጥሩን ያዝኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አባቴም ጠይቋቸዋል። ትልቁ ሽማግሌ፣ በራሱ ላይ የመሰከረን ሰው ውሸታም አንለውም አሉ። ስለዚህ ሁሉም እንዳላወቀ ሆነ። ኦቦ ቃሶም እንደምናውቅ ሳያውቁ ሞቱ። እኛ ነን የደበቅናቸው።»

ስመለስ ልጆቻቸው ያን የፍየል ቆዳ ከረጢት ሰጡኝ፤ አባታችን ለሲስተር ብለው ተናዝዘዋል አሉኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ቁልቁል ወረድኩ፤ ክብደቱ አሁንም የአንድ እግር ጫማ ነው። ናዝሬት ቆላ ነው፤ ውሃው እንደ መጽሐፉ ይፈላል፤ ምስክር አያስፈልገውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከመርፌው ድስት ጎን የሳልሳዋን ጣሳ እጥዳለሁ፤ አንድ ድንች እጨምርባታለሁ። ሲበስል ለተወጋው ልጅ እሰጠዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን መጀመሪያ እኔ ቆርሼ እቀምሰዋለሁ።